በር ላይ የሚታሰር ፑል አፕ ባር (ተንጠልጥሎ ሰውነትን ወደ ላይ መሳቢያ ብረት) እየተንሸራተተ ላስቸገራችሁ

ባሩ በር ፍሬም መሀል ተጠምዝዞ የሚጠብቀው አይነት ነው፣ ሶስተኛው ወይ አራተኛው ፑል አፕ ላይ ስደርስ በአንድ በኩል ቁልቁል ይንሸራተታል። 74 ኪሎ ነኝ፣ በጀርባ መውደቅ ያስፈራል።

መጀመሪያ ጫፉ ላይ የጎማ ቁራጭ ጨመርኩ፣ የፍሬሙ ቀለም ለስላሳ ስለሆነ አልያዘም። ከዛ በደንብ አጠበቅኩት፣ የላሜራ ፍሬሙ ተለጥጦ በሩ አልገጥም አለ። ቀጥሎ ግድግዳ ላይ የሚበሳውን ገዛሁና ከበሩ ጎን በፕላስቲክ ፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ) አሰርኩት፣ ገና ስንጠለጠል ፊሸሩ ከነአቧራው ተነቅሎ መጣ፣ ለካ ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ።

የሰራልኝ ይሄንኑ ባር ከበሩ በላይ ያለው የኮንክሪት ቢም (አግዳሚ) ላይ ማሰር ነው። በመዶሻ ቀስ አርጋችሁ አንኳኩት፣ ብሎኬት የባዶ ድምፅ አለው ኮንክሪት ግን ድፍን ነው፣ ስትበሱትም ፑንታው (የድሪሉ መብሻ) ድንገት ዘው ካለ ብሎኬት ነው ተዉት። ሀመር ያለው ድሪል ተከራየሁ፣ 10 ሚሊ ፑንታና በልኩ ኤክስፓንሽን ቦልት (ሲጠብቅ ቀዳዳው ውስጥ እየሰፋ የሚነክስ ብሎን)፣ ልስኑን ሳይቆጥር 8 ሳንቲም ጥልቀት። ፌሮ (ኮንክሪቱ ውስጥ ያለ ብረት) ከነካችሁ አትታገሉ፣ ቀዳዳውን ትንሽ አሽሹት። ዋናው ነገር ደግሞ ቦልቱን ከማስገባታችሁ በፊት የቀዳዳውን አቧራ ጠርጋችሁ አውጡ፣ አቧራ ካለ አይነክስም፣ እኔ በብስክሌት ፓምፕ ነው የነፋሁት። በውሃ ልክ አስተካክዬ አጠበቅኩ።

ወዲያው እንዳትንጠለጠሉ፣ እግራችሁን ወንበር ላይ አርጋችሁ ክብደቱን ቀስ በቀስ ልቀቁበት። ሶስት ሳምንት ሆነው፣ ዳዶዎቹን በየሳምንቱ በቁልፍ አያለሁ፣ ንቅንቅ አላለም።