ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት፦ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባድ መኪና ተገልብጦ ሰው በሞተ ቁጥር ከምንሰማቸው ምክንያቶች ዋነኛው «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» የሚለው ነው። ለብዙ ዓመታት ተሳቢ ነድቼ በኋላ ወደ ማሠልጠን የገባሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ይህን ቃል ስሰማ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር በስንተኛ ማርሽ ላይ ነበር? ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከየትኛውም አፋፍ ቢነሡ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ታች የሚደርሰው አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የተወሰነው እላይ፣ አፋፉ ላይ ነው።

ከሁሉም ስህተቶች አብልጦ የሚያሳዝነኝ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በዜሮ መውረድ ነው። ይህን ልማድ ሠልጣኞቼ ከየት እንደሚማሩት አውቃለሁ፤ እኔም የተማርሁት ከዚያው፣ ከታላላቆቼ ነውና። ይሁን እንጂ ስሌቱ ራሱ የተሳሳተ ነው። የዛሬ ዘመን የናፍጣ ሞተር ማርሽ እንደገባ እግር ከነዳጅ መርገጫው ሲነሣ ናፍጣ መርጨቱን ያቆማል፤ ያን ጊዜ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው፣ ሞተሩም በተራው መኪናውን ይይዘዋል። ማርሹ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ (በዝቅተኛው ዙር) እየሠራ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል፣ የመኪናውና የጭነቱ ክብደትም በሙሉ በፍሬን ሸራው፣ ማለትም እየተጫነ ጎማውን በሚይዘው ንጣፍ ላይ ይወድቃል። የተቆጠበ ነገር የለም፤ የጠፋው ግን መኪናውን ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ኃይል ነው።

ሸራው ሲግል የመያዝ አቅሙ ይደክማል፣ ሸራው የሚጫነው ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ታምቡሩም፣ በሙቀት እየሰፋ ከሸራው ይርቃል። አሽከርካሪው ፔዳሉን አጥብቆ ቢረግጥም መኪናው አይታዘዝም። እንደ ኢሱዙ ባሉ በዘይት ፍሬን በሚሠሩ መኪኖች ላይ ደግሞ፣ ለዓመታት ያልተቀየረና እርጥበት የሳበ የፍሬን ዘይት ከሙቀቱ የተነሣ ሊፈላ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ያለ ምንም መከላከል ወለሉ ድረስ ይወርዳል።

ይህን በወጣትነቴ በራሴ ስህተት አይቼዋለሁ። ከጎጃም ጤፍ ጭኜ ከደጀን ወደ ዓባይ ስወርድ በአራተኛ ማርሽ ጀመርሁ፤ የሸራው ሽታ ጋቢናው ውስጥ ሲገባ ደነገጥሁና ወደ ሦስተኛ ልቀንስ ማርሹን አወጣሁት። መኪናው ፈጥኖ ስለነበር ሦስተኛው አልገባም፣ አራተኛውም አልመለስ አለኝ። በዜሮ ቀረሁ። መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጥግ አዙሬ ጎኑን ከአፈሩ ጋር እያፋጨሁ አቆምሁት። የረዳቴ ክንድ ተሰበረ። ያ ልጅ ምንም ሳያጠፋ የእኔን ስህተት ዕዳ ከፈለ፤ ማርሽ የሚቀነሰው ከቁልቁለቱ በፊት ነው ብዬ ሠልጣኞቼን የማሰለቸው ስለዚህ ነው።

ረዳት ሆኜ በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ የሠራሁላቸው ሽማግሌ ሾፌር፣ ጋሼ የምላቸው፣ ጎሃ ጽዮን ሳይቆሙ አልፈው አያውቁም ነበር። እኔ ጎማው ሥር ታኮ ሳስቀምጥ እርሳቸው መዳፋቸውን ወደየታምቡሩ እያስጠጉ ሙቀቱን ይለኩ ነበር፤ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ ካለ ሸራው ተጣብቋል፣ ጨርሶ ያልሞቀ ካለ ደግሞ ያ ጎማ ፍሬን አይዝም ማለት ነው። ከዚያም አቀበቱን በሚወጡበት ማርሽ ይወርዱ ነበር። ለዛሬ መኪኖች ከዚያም አንድ ማርሽ ዝቅ ማለት የተሻለ ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ለመውረድ የወሰነ አሽከርካሪ ፍጥነቱ 30 ሲደርስ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ይርገጥ፣ ወደ 22 ገደማ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቅና ሸራው እንዲተነፍስ ያድርግ። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል፤ የአየር ፍሬንን ቶሎ ቶሎ መምታት ደግሞ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል።

በጋለ ታምቡር ላይ ውኃ አይፍሰስ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

የተሳቢን ፍሬን «ጎማ ይበላል» ብለው የሚያላቅቁ አሉ። የተሳቢው ክብደት ፊት ያለውን መኪና ከኋላ እየገፋ ኩርባ ላይ እንደሚያጥፈው እያወቁ ይህን የሚያደርጉትን ልረዳቸው አልቻልሁም፤ ይህን የሚያዝ ባለንብረት ካለም መኪናውን አለመረከብ ይገባል።

የጅቡቲ መንገድ አደጋ ሌላ ዓይነት ነው። ከአዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መንገድ በአፋር በኩል ሜዳና ሞቃት በመሆኑ አሽከርካሪውን ገደሉ ሳይሆን እንቅልፉ ነው የሚጥለው። በቢያጆ (በጉዞ ምልልስ) ቁጥር የሚከፈለው ሰው ዕረፍትን እንደ ኪሳራ ስለሚቆጥር ጫት እየቃመ ሌሊቱን ይገፋል። ጫት ድካሙን ይሸፍናል እንጂ አያስወግደውም፤ ምርቃናው ሲወርድ የታፈነው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ይመጣል። በ80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ ዓይን ለ3 ሰከንድ ሲከደን 66 ሜትር ያለ ነጂ ተጓዘ ማለት ነው። ሙዚቃ ከፍ ማድረግም ሆነ መስኮት መክፈት መፍትሔ አይሆንም፤ ከመንገድ ወጥቶ መተኛት ብቻ ነው የሚረዳው። በዚያ ሙቀት አየሩ የጎደለ ጎማም ቶሎ ይፈነዳልና በጠዋቱ፣ ሳይሞቅ ይለካ። የፊት ጎማ ከፈነዳ ፍሬን አይረገጥ፤ መሪው በሁለት እጅ ተይዞ መኪናው በራሱ እስኪቀንስ ይጠበቅ።

በመጨረሻ ስለ ድንጋዩ ልናገር። መኪና ሲበላሽ አስፋልቱ ላይ ድንጋይና ቅጠል እንደረድራለን፤ ስንጠግን ግን ጥለነው እንሄዳለን። ሌሊት ያንን ድንጋይ ለመሸሽ መሪ ያዞረ ሚኒባስ ከፊት ከሚመጣ መኪና ጋር ሲጋጭ፣ ድንጋዩን የተወው ሰው ሌላ ከተማ ገብቶ ተኝቷል፤ ስለ አደጋው ላይሰማም ይችላል። አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ከጋቢናው አይጥፋ፣ በቀጥታ መንገድ ላይ ከመኪናው 100 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከኩርባ ኋላ ለቆመ መኪና ደግሞ ከኩርባው በፊት ይቀመጥ። ድንጋይ ማስቀመጥ ግድ ሆኖ ከተገኘም፣ ረዳቱ የመጨረሻዋን ድንጋይ ከአስፋልቱ ላይ አንሥቶ ወደ ጋቢና ሳይወጣ ሞተር አይነሣ።