ጎጃም ውስጥ የስኳር ሕመምን በእጅ ስልክ፣ በሚያዋጣ ወጪ እንዴት መከታተል ይቻላል?

ከሞጣ ወይም ከቢቸና ገጠር ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ድረስ ለስኳር ክትትል የሚመላለስ ሰው ገንዘቡ የት እንደሚያልቅ ያውቀዋል፦ ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ማደሪያ፣ የአስታማሚ ወጪ፣ በዚያ ላይ የባከነ የሥራ ቀን። ስልክ የሚያዋጣው ይህን ምልልስ ከቀነሰ ወይም ስኳሩ ከመስመር ሲወጣ ቀድሞ ካሳወቀ ነው። ያለዚያ ተጨማሪ ወጪ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥሩ። ለምሳሌ ያህል አንድ ጉዞ በጠቅላላው 1,500 ብር ያስወጣል እንበል። በየወሩ ከሆነ በዓመት 18,000 ብር ነው። ሐኪሙ ተስማምቶ ቀጠሮው በየ3 ወሩ ቢሆን ወጪው 6,000 ብር ይሆናል፤ 12,000 ብር ተረፈ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ቤት ውስጥ ስኳር የሚለኩበትን መሣሪያ 3,000 ብር፣ በወር 12 የመለኪያ ወረቀት (የደም ጠብታ የሚነካበትና አንዴ ብቻ የሚያገለግል) እያንዳንዱን በ30 ብር፣ ለስልክ ደግሞ በወር 50 ብር ይቀንሱ። የመጀመሪያው ዓመት ወጪ 7,920 ብር ይሆናል፤ አሁንም 4,080 ብር በእጅ ይቀራል። በዚሁ ዋጋ በቀን 3 ጊዜ ቢለኩ ግን ወረቀቱ ብቻውን በዓመት ከ32,000 ብር በላይ ይፈጃል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ስለሆኑ የራስዎን ይተኩ፤ ቀጠሮን ግን በራስዎ ፈቃድ አይቀንሱ።

መሣሪያ ሲገዙ የወረቀቱን ዋጋ አስቀድመው ይጠይቁ። ወረቀቱ ከመሣሪያው ዓይነት ጋር ካልገጠመ አይሠራም፤ ርካሽ መሣሪያ ገዝቶ ወረቀቱን በከተማው ፋርማሲዎች ሁሉ እየፈለጉ ማጣት ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በወረቀት መቆጠብ የለበትም። በክኒን ብቻ የሚታከም ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ መለካት አያስፈልገውም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ አንዳንዴ ምግብ ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ መለካት ብዙ ይናገራል። ለብዙ አዋቂዎች የባዶ ሆዱ ግብ ከ80 እስከ 130 (እዚህ ያሉት የመለኪያ ቁጥሮች ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ mg/dL ናቸው)፣ ከምግብ በኋላ ያለው ደግሞ ከ180 በታች ነው፤ የእርስዎን ሐኪምዎ ይወስናል። ከመለካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ታጥበው ያድርቁ። ማር የነካ ጣት የሌለ ስኳር ያሳያል፤ በማር አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የመድኃኒት ሰዓት። ለዚህ ተራው ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። ብዙ ስልኮች የሚቆጥሩት በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት እንዲደውል 7:00 ብለው ይሙሉ፤ 1:00 ብለው ከሞሉት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅሳል። በጾም ወቅት ሰዓቱ ይለወጣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የተባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። ሴኔጋል በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለረመዳን ጾመኞች የስኳር ምክር በአጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ የጀመረችው ለዚሁ ችግር ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት በስልክ የሚደረግ ክትትል የ3 ወሩን አማካይ ስኳር (HbA1c በተባለ የደም ምርመራ በመቶኛ የሚታወቀውን) መጠነኛ በሆነ ልክ ይቀንሳል፤ የበለጠ የሚጠቅመውም ከወዲያኛው ወገን መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ሲኖር ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ የክትትል ክፍሉን ነርስ በየስንት ቀኑና በየትኛው ቁጥር መልእክት መላክ እንደሚችሉ ይጠይቁ። መልእክቱ አጭር ይሁን፦ «ማክሰኞ ጠዋት ባዶ ሆድ 162፣ ሐሙስ 171። ክኒን አልተቋረጠም።» ማንበብ የሚቸግራቸው እናት ወይም አባት ካሉ ተማሪ ልጅ ይጻፍላቸው። ኢንተርኔት የሚፈልግ መተግበሪያ ላይ ብቻ አይንጠልጠሉ፤ ኔትወርኩ ሲደክም የጽሑፍ መልእክትና ደብተር ይቀራሉ።

መልእክት ተልኮ መልስ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ከ70 በታች ከሆነና ሰውየው መዋጥ ከቻለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም ይውሰዱ። ቁጥሩ ደጋግሞ ከ300 ካለፈ፣ በተለይ ትውከት ወይም ፈጣን ትንፋሽ ካለ፣ በዚያኑ ሰዓት ይነሡ።

ከ3 ወር በኋላ የአማካይ ስኳር ምርመራውን፣ የሚሰጥበት ቦታ ካገኙ፣ ያሠሩና ከቀድሞው ጋር ያስተያዩ። ብዙ ሰዎች ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይመከራሉ። ካልወረደ፣ የተላኩትን ቁጥሮች አሳይተው የመድኃኒቱ መጠን እንዲታይ ይጠይቁ። ከወረደ ደግሞ የመለኪያ ወረቀቱን ቁጥር መቀነስ ይቻል እንደሆነ በዚያው ቀጠሮ ያንሡ።