የጎጃም ፈረሰኛን ለጠረጴዛ ጦርነት እንዴት እንሠራለን?

የጠረጴዛ ጦርነት ለማያውቅ ሰው ጨዋታው ይህን ይመስላል። ትንንሽ ወታደሮች ይሰለፋሉ፤ በማስመሪያ እየተለካ ይንቀሳቀሳሉ፤ ግጭቱን ዳይስ ይወስናል። ለሽያጭ የሚቀርበው ቀላል ፈረሰኛ፣ ማለትም ከባድ ትጥቅ ሳይጭን በፍጥነት የሚዋጋው፣ በአብዛኛው የአውሮፓ ነው። ቦት ጫማ አድርጎ ትልቅ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። እሱን ነጭ ቀብቶ የጎጃም ነው ማለት አያስኬድም። የኛ ፈረሰኛ ከእግር ጣቱ ጀምሮ ሌላ ነው። ከባዶ እንሥራው።

መጀመሪያ በደንብ እዩ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በጎጃሟ እንጅባራ ከተማ በዓሉን ያከብራል። ግልቢያውን ከጎን ሆናችሁ በስልክ ቅረጹ፤ ቤት ገብታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ጉግስ ደግሞ ራሱ የቀላል ፈረሰኛ ውጊያ ነው። አባራሪው ይወረውራል፣ ሸሺው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል። ክንድ ወደ ኋላ ሲሳብ ወገብ እንዴት እንደሚዞር ልብ በሉ።

ቀጥሎ ልኬት። በ28 ሚሊ ሜትር ስኬል፣ ማለትም የቆመ ሰው ወደ 28 ሚሊ ሜትር በሚሆንበት መጠን፣ 1 ለ56 ብላችሁ አስሉ። ትከሻው 1 ሜትር ከ30 የሆነ ፈረስ 23 ሚሊ ሜትር ይወጣዋል። የ2 ሜትር ጦር 36፣ የ50 ሳንቲ ሜትር ጋሻ 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፈረሱን አታግዝፉት፤ የደጋ ፈረስ ቁመቱ አጭር ነው።

ለአጽሙ ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይበቃል። አንዱ ሽቦ አንገት፣ ጀርባና ጭራ ይሆናል፤ ሁለቱ እግሮቹን ይሠራሉ። መሬት ከሚነኩት እግሮች ሥር ትንሽ ሽቦ አስተርፉ፣ መቆሚያው ውስጥ ይሰካል። ከዚያ ኤፖክሲ አልብሱት፤ ሁለት ሊጥ ነው፣ እኩል ሲታሽ ይደርቃል። ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያሳክካል። መጀመሪያ ደረትና ሆድ ብቻ ሙሉና እስኪደርቅ እደሩ። ጡንቻና ጋማ በማግሥቱ ነው። መርፌውን ውኃ እየነከራችሁ ሥሩ፣ አለበለዚያ ሊጡ ይጣበቅበታል።

አሁን እግሩ። የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ይጋልብ ነበር። ትንሿን የእርካብ ቀለበት የሚይዛት በአውራ ጣቱ ነው። ካላችሁ ሽቦ ሁሉ ቀጭኑን በስፒል ላይ ጠምጥማችሁ አንዷን ዙር ቁረጡ። የእግሩ ሊጥ ሳይደርቅ አውራ ጣቱን በመርፌ ጫፍ ለዩና ቀለበቷን በመካከል አስገቡ። እግሩ ከፈረሱ ሆድ በታች ወርዶ ይታይ። ይህች ቦታ ካማረች ቀሪው ቢጎድል እንኳ ፈረሰኛው ከየት እንደመጣ ያስታውቃል።

ጋሻው ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ ይቆረጣል። ላጲስ ላይ አስቀምጣችሁ በእስክሪብቶ ቂጥ ስትጫኑት ይጎብጣል። ለጦሩ የሽቦውን ጫፍ በመዶሻ ጠፍጥፉና ሞርዱት። ይወጋልና ከልጆች አርቁት።

ቀለም ስትቀቡ ሁሉንም መጀመሪያ ጥቁር አድርጉ። ለዳማ ፈረስ ጥቁር ቡናማ ከሥር፣ ቀላ ያለው ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ ሊደርቅ በተቃረበ ብሩሽ ከላይ ይሄዳል። ቦራ ከፈለጋችሁ ግንባሩ ላይ አንድ የነጭ ጠብታ በቂ ነው። ሸማውን በንጹሕ ነጭ አትጀምሩ፣ ኖራ የተለቀለቀ ይመስላል። ግራጫ የነካው ክሬም ቀቡና ነጩን እጥፋቶቹ ጫፍ ላይ ብቻ ጣል አድርጉ። ጥለቱ አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ናት። ያጌጠ ግላስ (የፈረስ ልብስ) ለአለቃው ይቆይ።

በብዙ የጨዋታ ሕጎች ከባድ ፈረሰኛ ሦስት በሚቆምበት መቆሚያ ቀላሉ ሁለት ሆኖ ይቆማል። ክፍተቱ ፍጥነቱን ያሳያል። መቆሚያውን ኮላ ቀብታችሁ በወንፊት የተነፋ ቀይ አፈር በትኑበት። የምትጫወቱት የእምባቦን ጦርነት ከሆነ ግን አረንጓዴ ሣር ጨምሩ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. ከምኒልክ ሠራዊት ጋር የገጠሙት በግንቦት መጨረሻ ነው፤ የክረምቱ ደጃፍ ላይ። ያን ቀን በምኒልክ ወገን የራስ ጎበና ፈረሰኞች ድርሻ ትልቅ ነበርና፣ በማዶ የሚቆሙትንም በዚሁ ጥንቃቄ ሥሯቸው።