«ላይክ» መውደድ ብቻ አይደለም፦ አማርኛ ተናጋሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 ያቺን የአውራ ጣት ምልክት ካወጣ ወዲህ «ላይክ» የአማርኛ ቃል ሆኗል ማለት ይቻላል። «ላይክ አድርጉ» ሲባል ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። እንግሊዝኛ ሳስተምር ግን በዚህች አጭር ቃል ላይ የማየውን ያህል ስህተት በከባዶቹ ቃላት ላይ አላይም። ከባዱን ቃል ተማሪው ይፈራዋል፣ ይጠይቃል፣ ያጠናዋል። «ላይክ»ን ግን «መውደድ» ብሎ ያልፈዋል።

«ላይክ» ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ግስ ነው፤ መውደድ። ሁለተኛው መስተዋድድ ነው፤ እንደ፣ የሚመስል። ሁለቱም የተገኙት «አካል፣ ቅርጽ» ከሚል ጥንታዊ ሥር ነው፤ ዛሬ ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ከባዶቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህን ሁለተኛውን ከመርሳት ነው።

«ሃው» እና «ሉክ ላይክ»ን ማጣመር

«ሃው ደዝ ኢት ሉክ ላይክ?» የሚለውን ያህል ሥር የሰደደ ስህተት አላውቅም። የሚያስቆጨው፣ አማርኛችን ራሱ ትክክለኛውን መንገድ ይነግረን ነበር። «መልኩ ምን ይመስላል?» እንላለን እንጂ «እንዴት ይመስላል?» አንልም። እዚህ ላይ «ላይክ» መምሰል ስለሆነ የሚመሰልበት ነገር ይፈልጋል፤ የሚጠየቀውም «ምን» ተብሎ ነው። ስለዚህ «ዋት ደዝ ኢት ሉክ ላይክ?» ይበሉ። «ሃው»ን መያዝ ከፈለጉ «ላይክ»ን ይተዉት፤ «ሃው ደዝ ኢት ሉክ?» ቢሉም ትክክል ነዎት። ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ውስጥ ብቻ አያገናኟቸው።

ከዚሁ ጋር የሚምታቱ አራት ጥያቄዎች አሉ፤ ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። ስለ አንዲት አዲስ የሥራ ባልደረባ እየተጠየቁ ነው እንበል። «ሃው ኢዝ ሺ?» ካሏችሁ ደኅንነቷን ነው የጠየቁት። «ዋት ደዝ ሺ ሉክ ላይክ?» መልኳንና ቁመናዋን ነው። «ዋት ደዝ ሺ ላይክ?» የምትወደውን ነገር ነው። «ዋት ኢዝ ሺ ላይክ?» ግን ጠባይዋን ነው፤ ምን ዓይነት ሰው ናት? የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሚለያቸው «ደዝ» እና «ኢዝ» ብቻ ነው። «ደዝ» ብቻውን ሲመጣ ግሱ ነው፤ «ኢዝ» ሲመጣ መስተዋድዱ ነው። «ዋት ኢዝ ዩር ቦስ ላይክ?» ተብሎ «ሂ ላይክስ ፉትቦል» ብሎ የመለሰ ተማሪ ነበረኝ። ሰዋስዉ እንከን አልነበረውም፤ መልሱ ግን የሌላ ጥያቄ ነበር።

ጠባይን ስትመልሱ ደግሞ «ላይክ»ን አትድገሙት። «ሺ ኢዝ ካይንድ» በቂ ነው፤ «ሺ ኢዝ ላይክ ካይንድ» አይባልም።

እያንዳንዱን «እንደ» በ«ላይክ» መተርጎም

አማርኛ አንድ «እንደ» አለው፤ እንግሊዝኛ ለሁለት ከፍሎታል። «እንደ አባት እመክርሃለሁ» ሲባል፣ ተናጋሪው በእርግጥ አባት ነው ወይስ የአባት ያህል የሚቆረቆር ሌላ ሰው? አማርኛው ይህን ለሰሚው ይተወዋል። እንግሊዝኛ ግን ያስመርጣል፦ አባት ከሆነ «አዝ»፣ ካልሆነ «ላይክ»።

«ሺ ወርክስ አዝ ኤ ማኔጀር» ያለ ሰው ሴትዮዋ ሥራ አስኪያጅ ናት እያለ ነው። «ሺ ቶክስ ላይክ ኤ ማኔጀር» ካለ ግን የሚያወራው ስለ አነጋገሯ ነው፤ ሥራዋ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት በሥራ ማመልከቻ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። «አይ ወርክድ ላይክ አን አካውንታንት» ብሎ የጻፈ አመልካች፣ የሒሳብ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ሒሳብ ባለሙያ ይሠራ እንደነበር ነው ለአንባቢው የሚነግረው። ዓመታት የለፉበትን ሙያ በአንዲት ቃል ማሳነስ በጣም ያሳዝነኛል።

መፈተኛውን ከአማርኛ ልዋስ። ዐረፍተ ነገሩ «በ» እና «ነት»ን ከተቀበለ «አዝ» ነው። «በአስተማሪነት ይሠራል» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «አዝ»። «እንደ አንበሳ አገሳ» የሚለውን ግን «በአንበሳነት አገሳ» የሚል ሰው የለም፤ ስለዚህ «ላይክ»። ከኋላ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሲከተል፣ ለምሳሌ «እንዳልኩት» ስንል፣ በወሬ መካከል «ላይክ አይ ሴድ» ሲባል ይሰማል። በመደበኛ ጽሑፍ ላይ ግን «አዝ አይ ሴድ» ብትሉ ይመረጣል።

የሚወደደውን ነገር መዋጥ

«ዱ ዩ ላይክ ኢት?» ስንባል «የስ፣ አይ ላይክ» ብለን እናቆማለን። ለእኛ ጆሮ ሙሉ ነው፤ ምክንያቱም «ወደድኩት» ስንል የሚወደደው ነገር በግሱ መጨረሻ ላይ ባለችው «ት» ውስጥ አለ። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ የሚለጠፍ ነገር ስለሌለ ንግግሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወይ «አይ ላይክ ኢት» ወይ ደግሞ «የስ፣ አይ ዱ» ማለት ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ግስ በጥንታዊው እንግሊዝኛ የሚሠራው እንደኛ «ደስ ይለኛል» ነበር። ደስ የሚያሰኘው ነገር ባለቤት፣ ሰውየው ደግሞ ደስታው የሚደርስበት። ዘመናት ሲያልፉ ተገላብጦ ሰውየው ባለቤት ሆነ፤ የሚወደደው ነገር ከግሱ በኋላ ገብቶ የራሱን ቦታ ያዘ። ያን ቦታ ባዶ መተው አይቻልም።

ጊዜውም ያሳስታል። ገና ያየነውን ነገር በኃላፊ ጊዜ «ወደድኩት» ብንልም የምናወራው ስለ አሁኑ ስሜታችን ነው። ስጦታ ከፍተው «አይ ላይክድ ኢት» ቢሉ ግን ሰጪው «አሁንስ?» ብሎ ሊያስብ ይችላል። «አይ ላይክ ኢት» ይበሉ። «እየወደድኩት መጣሁ» ለማለት ደግሞ «አይ አም ስታርቲንግ ቱ ላይክ ኢት» የሚለው አያሳፍርም።

«በጣም»ን በተመለከተ፣ እኛ ከግሱ ፊት ስለምናስቀምጠው «አይ ቬሪ ላይክ ዚስ ሶንግ» ይመጣብናል። «ቬሪ ማች» ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፦ «አይ ላይክ ዚስ ሶንግ ቬሪ ማች»። ከግሱ በፊት «ሪሊ»ን ማስገባት ይቻላል።

«ዉድ»ን መርሳት

«ዱ ዩ ላይክ ዎተር?» ውሃ መጠጣት ትወዳለህ ወይ ነው። «ዉድ ዩ ላይክ ዎተር?» ውሃ ላምጣልህ ነው። ለመጀመሪያው «የስ» ብሎ የመለሰ ሰው ውሃ ባይመጣለት አይደነቅ። «አይ ላይክ ቱ ስፒክ ቱ ዘ ማኔጀር» ብትሉም ሥራ አስኪያጁን የምትፈልጉ ሳይሆን ከእሱ ጋር ማውራት የምትወዱ ትመስላላችሁ፤ «አይድ ላይክ ቱ ስፒክ» በሉ። «አይ ዋንት»ም ያስኬዳል፣ ግን ለማያውቁት ሰው ይጠነክራል።

«ፊል ላይክ»ን መሸሽ

ተማሪዎቼ ይህን ሐረግ ይፈሩታል፤ እኔ ደግሞ በጣም የምወደው እሱን ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ ውብ አቻ አለው። «አልቅስ አልቅስ አለኝ» እንል የለ? እሱ ነው፦ «አይ ፊል ላይክ ክራዪንግ»። መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ትርጉሙ ግሱ «ኢንግ» ይጨምራል እንጂ «ቱ» አይቀበልም። ስም ሲከተለው ስሜትንም ሊገልጽ ይችላል፤ «አይ ፊል ላይክ ኤ ስትሬንጀር» ባይተዋርነት ይሰማኛል ማለት ነው።

ዘመዶቹን ማምታታት

«አንላይክ» የ«ላይክ» ተቃራኒ ግስ የሚመስለን ከማኅበራዊ ሚዲያ የተነሣ ነው። እዚያ የሰጡትን ላይክ መመለስ ነው፤ ከዚያ ውጭ «ከእሱ በተለየ» ማለት ነው። አለመውደድ «ዲስላይክ» ነው። «አላይክ» ከስም በፊት አይገባም፤ «ዜይ ሉክ አላይክ» ይባላል እንጂ «አላይክ ፒፕል» አይባልም። «ላይክሊ» ደግሞ ከመውደድ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው። «ኢት ኢዝ ላይክሊ ቱ ሬይን» ሲባል ስትሰሙ የሚወድ ሰው አትፈልጉ፤ ዝናብ ሳይዘንብ አይቀርም ነው።

በየቃሉ መካከል መሰንቀር

ወጣቶች ሲያወሩ «ላይክ» እንደኛ «ምናምን» እና «እንትን» በየመካከሉ ይገባል። ትርጉም አትፈልጉለት። ከቁጥር በፊት ሲመጣ ግን «ያህል» ይሆናል፤ «ላይክ ተን ሚኒትስ» አሥር ደቂቃ ያህል ነው። «ሺ ወዝ ላይክ» ብሎ ንግግር ከተከተለ ደግሞ «አለች» ማለት ነው እንጂ «ትመስል ነበር» ማለት አይደለም። ከጓደኛ ጋር ብትጠቀሙበት ነውር የለውም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ግን ድምፃችሁን ስልክ ላይ ቀድታችሁ አዳምጡ፤ «ላይክ» ባላችሁበት ቦታ ሁሉ ዝም ብላችሁ ትንፋሽ ውሰዱ።