"መኪናዬ ራሱን ይነዳል" ለሚሉኝ ሁሉ፦ ኢንሹራንስ ላይ እያየሁ የሰለቹኝ ስህተቶች

አዳማ ነኝ፣ ኢንሹራንስ ቤት ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ላይ ነው የምሰራው፣ አስራ ምናምን ዓመት ሆነኝ። ድሮ ጠዋት ቢሮ ስገባ የሚጠብቀኝ የባጃጅ ግጭትና "ፍሬን እምቢ አለኝ" የሚል የአይሱዙ ሹፌር ነበር። እ.ኤ.አ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም ከተባለ ወዲህ ግን በር ላይ የሚቆመው ድምፅ የሌለው መኪና ሆኗል፣ ዙሪያውን ካሜራ፣ ውስጡ የሳሎን ቲቪ የሚያክል ስክሪን። ከመኪናው ጋር አብሮ የገባ ወሬም አለ፦ "ይሄ እኮ ራሱን ይነዳል፣ ከዚህ በኋላ የኢንሹራንስ ነገር አበቃለት።"

ወሬው ሙሉ ውሸት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያስቸግረኝ። መኪና በእውነት ራሱን መንዳት ሲጀምር የኛ ስራ ከስሩ ይገለበጣል፣ ዛሬ "ማነው ያጠፋው ሹፌር" ብለን የምንጠይቀው ነገ "የማነው ሶፍትዌሩ" ይሆናል። ግን ሌላ አገር የጀመረውን ነገር እዚህ እንዳለ ቆጥራችሁ ወንጂ መንገድ ላይ መሪ አትልቀቁ።

የመጀመሪያውና ደሜን የሚያፈላው ስህተት ይሄ ነው፦ የሚያግዝ መኪናን ራሱን ከሚነዳ መኪና ጋር መቀላቀል።

አንድ ልጅ፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ከወለንጪቲ ወደ አዳማ እየመጣ ክሩዙን (ፍጥነት የሚይዘውን) ሰማንያ ላይ አስሮ፣ መስመር የሚጠብቀውን ነገር አብርቶ፣ ስልኩን ያያል። ያ መንገድ የጅቡቲ ተሳቢ የሚርመሰመስበት ነው። ፊት ለፊቱ አንድ ተሳቢ ተበላሽቶ ቆሟል፣ ሹፌሩ እንደ አገሩ ልማድ ከኋላው ቅጠል ቆርጦ አስፋልቱ ላይ ጥሎ፣ ድንጋይ ደርድሮ። እኔና እናንተ ያንን ቅጠል ከሩቅ ስናየው እግራችን ሳናዝዘው ፍሬን ላይ ነው የሚያርፈው፣ አይደል? መኪናው ግን ቅጠል ቅጠል ነው ለሱ። ቅጠሉ ላይ ሄደበት፣ ድንጋዩን ገጨ፣ ተሳቢው ስር ገባ። ልጁ እጁ ተሰብሮ ወጣ፣ ተመስገን ነው።

ከዛ ፎርም ሊሞላ መጣ። "የአሽከርካሪው ስም" የሚለው ቦታ ላይ ምን ብሎ ቢፅፍ ጥሩ ነው? "አውቶ"። ማርያምን! በግራ እጁ፣ በተንጋደደ ፅሁፍ፣ አውቶ። አውቶ የሚባል ሰው መንጃ ፈቃድ የለውም ወንድሜ፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ ደግሞ ፖሊሲው፣ የኢንሹራንስ ውሉ ማለት ነው፣ ምን እንደሚል ታውቃለህ አልኩት። ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ያ አንድ ቃል ፋይሉን ወደ ሕግ ክፍል ላከውና ሳምንታት አስቆመው። መጨረሻ ላይ እውነቱን ፃፈ፣ መሪው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ ብሎ፣ ተከፈለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪኖች ከዜሮ እስከ አምስት በደረጃ ይከፈላሉ። ዜሮ ምንም የለውም፣ አምስት የትም በማንኛውም ሁኔታ ራሱን የሚነዳ ነው፣ እሱ ገና ገበያ ላይ የለም። እናንተ የያዛችሁት፣ ደላላው "ፉል ኦፕሽን፣ ሹፌር አይፈልግም" ብሎ የሸጠላችሁ፣ ደረጃ ሁለት ነው። ደረጃ ሁለት ማለት መኪናው መሪውንም ፍጥነቱንም ቢይዝ ሹፌሩ አንተ ነህ፣ ዓይንህ መንገድ ላይ፣ ጥፋቱም ያንተ። ማኑዋሉ ራሱ "የቆመ ነገር ላላይ እችላለሁ" ብሎ ፅፏል፣ ማን ያነበዋል፣ በዛ ላይ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሰሩ ስለሆኑ ማኑዋሉም ማስጠንቀቂያውም ቻይንኛ ነው። አንድ ደንበኛዬ ስክሪኑ ላይ ቀይ ፅሁፍ ሲመጣ "እንኳን ደህና መጣህ የሚል መስሎኝ" ብሎኛል። ምን ልበለው?

ካላመናችሁኝ የአሪዞናውን እዩ። እ.ኤ.አ መጋቢት 2018 ቴምፔ ከተማ ውስጥ የኡበር የሙከራ መኪና፣ ራሱን እየነዳ፣ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። አቃቤ ሕግ ኩባንያውን በወንጀል አልከሰሰም። የተከሰሰችው ወንበሩ ላይ የነበረችው ተቆጣጣሪ ናት፣ በ2023 ጥፋተኛ ነኝ ብላ የሶስት ዓመት ፕሮቤሽን (ሳይታሰሩ በክትትል መቆየት) ተፈረደባት። እዛ የነበረው መኪና ከናንተ መኪና እጅግ የረቀቀ ነው፣ ያም ሆኖ ተጠያቂው ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ "አምራቹ ይክፈል"። ይሄን የሚሉት ብዙ ጊዜ ጋሼ ጋሼ የምንላቸው፣ ዜና የሚከታተሉ ሰዎች ናቸው፣ እና ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ። ቮልቮ እ.ኤ.አ በ2015 መኪናዬ ራሱን ሲነዳ ለሚደርሰው ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ብሏል። መርሴዲስ ደረጃ ሶስት የሚባለውን፣ በተወሰነ ሁኔታ ራሱን ነድቶ ሲጠራህ መሪውን የምትረከብበትን ሲስተም እ.ኤ.አ በ2021 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ አስፈቅዶ በ2022 መሸጥ ጀመረ፣ ሲስተሙ በርቶ በሲስተሙ ጥፋት ለሚደርሰው ነገር ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ብሏል። ግን ሲጀመር የሚሰራው የተወሰኑ ፈጣን መንገዶች ላይ፣ እስከ 60 ኪሎሜትር ፍጥነት፣ ከፊት መኪና ሲኖር ነው። ማለትም ጭንቅንቅ ላይ። ጋሼ የርስዎ መኪና ያ አይደለም፣ ይቅርታ።

እኛ አገር የሚሰራው የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፣ አንቀጽ 2081። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ ሲነዳ የነበረው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ፣ ተሰርቆብኝ ነበር ብሎ ካላረጋገጠ በቀር። ልብ በሉ፣ ሕጉ ሲወጣ አዳማ ውስጥ የነበረው መኪና ስንት እንደሆነ እንጃ፣ ግን ስለ ሹፌር አልተጨነቀም፣ ባለቤቱን ነው የያዘው። ሹፌር የሌለው መኪና ነገ ቢመጣም አንቀጹ ሳይነካ ይሰራል። እውነት ለመናገር አንዳንድ የውጭ ሕግ አሁን ዞሮ የደረሰው እዚህ ጋ ነው፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣችው ሕግ ራሱን የሚነዳ መኪና ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ የመኪናው ኢንሹራንስ ለተጎጂው ይከፍላል፣ ከዛ ኢንሹራንሱ ራሱ ሄዶ አምራቹን ይጠይቃል። ተጎጂው የሶፍትዌር ኮድ ሲያስመረምር ሊኖር አይችልማ።

አምራች የሚያስጠይቅ አንቀጽ እኛም አለን፣ 2085። ለትርፍ አምርቶ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲያገለግል ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ግን አይጠየቅም ይላል። ወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር መኪናህን ያመጣልህ ሰው በዱባይ በኩል አምጥቶ ሸጦልህ ስልኩን ቀይሯል፣ ፋብሪካው ያለው ቻይና፣ ፋብሪካው ደግሞ ይሄ መኪና ኢትዮጵያ መሄዱን አያውቅም። ማንን ነው የምትከሰው?

እሺ፣ ሶስተኛ። ይሄኛው ላይ እኔም አለሁበት፣ ስለዚህ ብዙ አልጮህም።

አንድ እህታችን ፖስታ ቤት አካባቢ ባጃጅ የፊት ፓራውልቷን ነክቶባት መጣች። እኔ አየሁት፣ ስንጥቅ ነው፣ ቀላል ነው፣ ተለጥፎ ስቱኮ ተደርጎ ይቀባ ብዬ እንደ ድሮው ገመትኩ፣ ጋራዡም እንደዛው ሰራው። ቆንጆ ሆነ፣ ሁላችንም ተደሰትን። በሳምንቱ ደወለች፣ "መኪናው ሰይጣን ገብቶበታል፣ ባዶ መንገድ ላይ በራሱ ፍሬን ይይዛል።" ፍራንኮ ጋ በራሱ ቀጥ ሲል ከኋላ የነበረው ሚኒባስ ለትንሽ ነበር የተረፈው። ለካ ከፓራውልቱ ጀርባ ራዳር አለ፣ ማሰሪያው ትንሽ ዞሯል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ስቱኮና ወፍራም ቀለም ተጭኖበታል። ፈትተን ስናየው አፈርኩ። ባለሙያ የተባልኩት እኔ ነኝ አይደል፣ ግን ያኔ አላወቅኩም ነበር።

ስለዚህ ከፊት ፓራውልት፣ ከፊት መስታወት፣ ከስፖኪዮ ጋር የተያያዘ ጥገና ሲኖር ካሜራው ወይም ራዳሩ እንደገና መስተካከል አለበት፣ ካሊብሬሽን ይሉታል። ጋራዡ በሚሰጠው የዋጋ ፕሮፎርማ ላይ ይፃፍ። ካልተፃፈ አትፈርሙ። ጋራዡ "እኛ እናውቃለን" ካላችሁ ማሽኑን አሳየኝ በሉት፣ ከሌለው ያለው ጋ ይላካችሁ፣ አዲስ አበባም ቢሆን።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፦ "አደጋ ስለሚቀንስ አረቦን ይቀንስልኝ"፣ ለኢንሹራንስ የሚከፈለውን ማለታቸው ነው። አደጋ መቀነሱስ እውነት ነው። ስዊስ ሪ የተባለው ትልቅ የጠለፋ ዋስትና ድርጅት (ኢንሹራንሶችን ራሳቸውን የሚያስዋስት ማለት ነው) ዌይሞ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያሰማራቸውን ሹፌር አልባ ታክሲዎች አጥንቶ፣ 25.3 ሚሊዮን ማይል ላይ፣ በሰው ከሚነዱት አንፃር የንብረት ጉዳት ክሌም በ88 በመቶ፣ የአካል ጉዳት ክሌም በ92 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ለኛ ሙያ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያ መኪና ደረጃ አራት ነው፣ ካርታው በደንብ በተሰራ እንደ ፊኒክስና ሳንፍራንሲስኮ ያለ ከተማ የሚዞር፣ ጋሪና አህያ የማያጋጥመው። ያንተ አረቦን የሚሰላው በዋናነት በመኪናው ዋጋ፣ በአገልግሎቱና በዕድሜው ነው። ካሜራ ስላለህ ቅናሽ የለም፣ እንዲያውም ድሮ ሦስት ሺ ብር የማይሞላ ስፖኪዮ ዛሬ ውስጡ ካሜራ፣ ማሞቂያ፣ ሴንሰር ይዞ ስንት እንደሚባል ጠይቁ። አደጋው ቢቀንስም አንዱ አደጋ የሚያስወጣው ይጨምራል፣ ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚሄዱት።

ዋጋ ካነሳን፣ መኪናችሁን በድሮ ዋጋ ማስመዝገብ አቁሙ፣ በፈጠራችሁ። ብር በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመኪናውም የዕቃውም ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አራት ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በሁለት ሚሊዮን ካስመዘገብክ ኢንሹራንስ የያዝከው ግማሹን ነው። አራት መቶ ሺ ጉዳት ሲደርስ ሁለት መቶ ሺ፣ ከዛም ላይ ኤክሰስ (ከራስህ ኪስ የምትሸፍነው ድርሻ) ተቀንሶ። ከዛ ቢሮዬ መጥቶ "ሌቦች" ማለት አለ። አረቦን ልቆጥብ ያልከው አንተ ነህ እኮ።

በቤት መኪና ፖሊሲ የአፕ ታክሲ መስራት። አታድርጉ። በቃ።

ሶፍትዌር ደግሞ። ቻይንኛውን ወደ እንግሊዝኛ እንቀይራለን የሚሉ ልጆች አሉ፣ ላፕቶፕ ሰክተው በአንድ ሰዓት ይጨርሳሉ፣ ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው አልክድም። ግን ምን እንደነኩ ማንም አያውቅም፣ ከዛ በኋላ አፕዴት አልቀበልም የሚል መኪና አይቻለሁ። ያ የእንግሊዙ ሕግ ኢንሹራንሱ እንዳይከፍል ወይም እንዲቀንስ ከሚፈቅድባቸው ምክንያቶች መሃል ባለቤቱ ያልተፈቀደ የሶፍትዌር ለውጥ ማድረጉ፣ ወይም ለደህንነት የግድ የሚያስፈልግ አፕዴት እያወቀ አለመጫኑ ይገኙበታል። እኛ ጋ እንዲህ የሚል ነገር ፖሊሲ ላይ አላየሁም፣ ግን ድሮም መኪና ላይ የተደረገ ለውጥ አሳውቁ እንላለን፣ ይሄም ለውጥ ነው። ያስቀየራችሁበትን ደረሰኝ ያዙ፣ ለኢንሹራንሳችሁ በፅሁፍ ንገሩ።

የመጨረሻው ውሸት ነው፣ ማለቴ መዋሸት። ድሮ "ፍሬን ይዤ ነበር" ብሎ መማል ይሰራ ነበር፣ የጎማ ምልክት ከሌለ ትራፊኩም እኛም በግምት ነበር የምንሄደው። አሁን መኪናው ራሱ ያስታውሳል። ከግጭቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ፍጥነቱ ስንት እንደነበር፣ ፍሬን ተረግጦ እንደነበር የሚይዝ መቅጃ አለው፣ ቻይና እ.ኤ.አ ከ2022 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ አድርጋዋለች። እስካሁን አዳማ ላይ ይሄን አውጥቶ የሚያነብ ሰው እንደ ልብ አይገኝም፣ ትልቅ ክሌም ሲሆን ግን ይፈለጋል። መዝገቡ ለናንተም ሊመሰክር ይችላል፣ ስለዚህ ከግጭት በኋላ ባትሪ ለማላቀቅ አትቸኩሉ፣ እሳት ወይም ጭስ ካለ ብቻ ራቁና ለእሳት አደጋ ደውሉ። ትራፊኩ ለክቶ የአደጋውን ፕላን ሳያነሳም መኪናውን አታንቀሳቅሱ፣ ይሄ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው ግን አሁንም በየሳምንቱ አያለሁ።

ባለፈው መብራት ኃይል ጋ አንዱን ግጭት ሳይ ፕላን የሚያነሳው ትራፊክ፣ የቆየ ወዳጄ ነው፣ ሜትሩን እየጠቀለለ "ያ ሹፌር የሌለው መኪና የመጣ ቀን እኔ መንጃ ፈቃድ ከማን ልቀበል ነው?" አለኝ። ሊብሬውን ተቀበል፣ ስሙ እዛ ላይ አለ አልኩት። ትንሽ አሰበና "እሱማ አሁንም እቀበላለሁ" ብሎ ወደ ሚኒባሱ ረዳት ዞረ፣ ረዳቱ ቀድሞ መጮህ ጀምሮ ነበር።