የአቃቂ ጎርፍ ግድግዳን የሚገፋበትን ኃይል በኮምፒውተር ማስላት

ሱናሚ የባሕር ዳር ሕንፃን የሚገፋበት ኃይል የሚሰላበት ቀመር ለአዲስ አበባ ዳርቻም ይሠራል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ በሚወርዱበት አካባቢም ቤት የሚጥለው ያው የውኃ ጥልቀትና ፍጥነት ነው። ለሶፍትዌር በነፃ የሚገኘው የጎርፍ ማስሊያ ፕሮግራም ሄክ-ራስ (HEC-RAS) ይበቃል።

ከሁሉ በፊት የመሬቱን ከፍታ አስተካክሉ። በነፃ የሚወርደው የከፍታ መረጃ ለ30 በ30 ሜትር መሬት አንድ ከፍታ ብቻ ስለሚሰጥ 15 ሜትር የሚሰፋ ወንዝ አይታየውም፤ ስለዚህ ውኃው በሜዳው ላይ ይበተናል። ወንዙን በየ50 ሜትሩ ከዳር እስከ ዳር በጂፒኤስ ለኩ፤ ድልድይ ባለበት መለኪያ ነጥቦቹን አጠጋጉ። ፎቶ የሚያነሳ ድሮን ከባሕር ዛፍ ሥር ያለውን መሬት አያሳይም። በአዲንዳን (በቀድሞው የካርታ መነሻ ሥርዓት) የተሠራ የቆየ ካርታ ሳይቀየር ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊው ጂ ኤስ 84 ላይ ከተደረበ ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል፤ ደረቅ ላይ ያለ ቤት ወንዝ ውስጥ ይታያል።

ጥቁር አፈር ከጠገበ በኋላ ውኃ ስለማያሰርግ የዝናቡን ፍሰት ስታሰሉ በምድብ ዲ (ውኃ በጣም ጥቂት በሚያሰርገው የአፈር ምድብ) መድቡት። መሬቱ ውኃውን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚገልጸው የሸካራነት ቁጥር (የማኒንግ ቁጥር) ለወንዙ 0.035፣ ቁጥቋጦ ለበዛበት ዳርቻ 0.07 አካባቢ ይሁን። ሜዳው ላይ 10 ሜትር፣ በቤቶች መካከል 2 ሜትር ሴል (ሞዴሉ መሬቱን የሚከፋፍልበት ካሬ) ተጠቀሙ። ውኃው በሰከንድ 2 ሜትር ከሄደ ለ2 ሜትር ሴል የጊዜ እርምጃው፣ ማለትም በአንድ ስሌትና በቀጣዩ መካከል ያለው ጊዜ፣ ከ1 ሰከንድ አይብለጥ። ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚመርጠው ቀለል ያለውን ስሌት ነው፤ ኃይል ለማስላት ግን የውኃውን የእንቅስቃሴ ጉልበት ጨምሮ የሚያሰላውን ሙሉውን የሞመንተም ስሌት ምረጡ። ድልድዩን ክፍት አድርጋችሁ፣ ቀጥሎም በፕላስቲክና በቅርንጫፍ ግማሹ እንደተዘጋ አድርጋችሁ ሁለቴ አስሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ኃይሉ ላይ ነው። ግድግዳውን ከሚነካው ሴል ፍጥነት አትውሰዱ፤ እዚያ ውኃው ቆሟል። ውኃው ከሚመጣበት አቅጣጫ፣ ቤቱ ፍሰቱን ካላወከበት ቦታ ውሰዱ። ከፍተኛውን ጥልቀትና ከፍተኛውን ፍጥነትም ለየብቻ ወስዳችሁ አታባዙ፤ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ አይገጥሙም። ጥልቀቱን በፍጥነቱ ካሬ በየደቂቃው አባዙና ትልቁን ያዙ።

ምሳሌ፦ የግድግዳው ርዝመት 6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር፣ ጭቃ ያዘለው ውኃ በሜትር ኩብ 1100 ኪሎ ግራም። ፍሰቱ ግድግዳውን የሚገፋበት ቁጥር (ድራግ ኮፊሸንት) 1.25 ሲሆን የፍሰቱ ኃይል 25 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይሆናል። የቆመው ውኃ ግፊት ግን 73 ኪሎ ኒውተን ነው፤ በድምሩ ወደ 10 ቶን ክብደት ይጠጋል። 73ቱ የሚቆየው ውስጡ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው፤ ውኃ በበር ገብቶ ከውጭው ከተስተካከለ ይጠፋል። ስለዚህ ለግድግዳው የከፋው ሰዓት በሩ እንደተዘጋ ጎርፉ የሚደርስበት ነው።

የብሎኬት አጥር ካለ ሞዴሉን በቆመ አጥርም በወደቀ አጥርም አስኪዱ። አጥሩ ሲወድቅ የታቆረው ውኃ በአንዴ ወደ ቤቱ ይለቀቃል።