የድሮ ካሴት እንዴት ይገለበጣል? የሰው መብት ሳይነካ

አባቴ ሲያርፍ አልጋው ሥር አንድ ካርቶን ካሴት ትቶ ነበር። ሠላሳ ሁለት ናቸው። እናቴ «አንተ እኮ ኮምፒውተር ትችላለህ፤ ሳይበላሹ አንድ ነገር አድርጋቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የዘመዱም የጎረቤቱም ካሴት እየመጣልኝ፣ ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር ያለችው ክፍሌ በቴፕና በገመድ ተሞልታለች። መገልበጡ ከባድ አይደለም። ከባዱ ከተገለበጠ በኋላ ያለው ነው። ለማን ልላከው? ዩቲዩብ ላይ ልጫነው? እኔ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ስለሆነ ብዙውን የምጽፈው ስለሱ ነው።

1. ካሴቱን እዩት፣ ጥርሱን ስበሩት

የጣና ዳር እርጥበት ለካሴት አይሆንም። ክረምቱን ካርቶን ውስጥ የከረመ ካሴት ይሻግታል። ብርሃን ላይ አንሡና በመስኮቷ በኩል እዩት። ክሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ቴፕ ውስጥ አትክተቱት። ሻጋታው ሄዱ ላይ፣ ማለትም ቴፑ ድምፁን የሚያነብበት ክፍል ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል።

ንጹሕ ከሆነ በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች በቢላ ጫፍ ስበሩ። ጥርስ የሌለው ካሴት ላይ ቴፑ መቅዳት አይችልም። እኔ ይህን ሳላውቅ የተሳሳተ ቁልፍ ተጭኜ፣ አባቴ ራሱ የቀዳው ካሴት ላይ የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ አጥፍቻለሁ። እሱ ሲናገር የነበረበት ደቂቃ ነው። አሁንም ይቆጨኛል።

2. መገልበጥ

የቴፑን ሄድ በአልኮልና በጆሮ ጥጥ ጥረጉ። ካሴቱን እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት። የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳና ላፕቶፑን በገመድ አገናኙ። የላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ድምፁን ያጎረብጠዋል፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ መቀበያ ብትገዙ ልዩነቱን ወዲያው ትሰሙታላችሁ። ስልክ ስፒከር ፊት አስቀምጦ መቅዳት ግን ይቅርባችሁ። የጎረቤት ውሻም አብሮ ይቀዳል።

ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ነው፣ ነፃ ነው፣ ሌላ አያስፈልግም። የድምፁ መጠን ከፍ ሲል ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጉ። መጀመሪያ በዋቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) አስቀምጡ፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 600 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል። ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ3 ከዚያ ላይ ታወጣላችሁ። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። አቋራጭ የለውም።

3. «ድሮ ነው» አይበቃም

የገለበጣችሁት ለራሳችሁ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። አንድ ቅጂ፣ ለራስ። ለሃያ ሰው በፍላሽ መጫን ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው በተሰበሰበበት ግሩፕ ውስጥ መልቀቅም እንደዚያው።

ማሰራጨት ከፈለጋችሁ ግን ቁጭ ብላችሁ መቁጠር አለባችሁ። አንድ ዘፈን የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ግጥሙን የጻፈ አለ። ዜማውን የሠራ አለ። የዘፈነውና የተጫወተው አለ። ገንዘብ አውጥቶ ያስቀረጸው አሳታሚም አለ። የየአንዳንዱ መብት የሚያበቃው በየራሱ ጊዜ ነው፦

የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት፣ ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት።
የድምፃዊውና የተጫዋቾቹ፣ ከተቀረጸበት ዓመት በኋላ 50 ዓመት።
የአሳታሚው፣ ከታተመበት ዓመት በኋላ 50 ዓመት።

እንበል፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመ ሸክላ አላችሁ። የድምፃዊውና የአሳታሚው 50 ዓመት በ2012 መጨረሻ አልቋል። የግጥሙ ደራሲ ግን ያረፈው በ1990 ከሆነ፣ ግጥሙ እስከ 2040 የቤተሰቡ ነው። ሸክላው ነፃ ወጥቶ ግጥሙ ገና ባለቤት አለው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው፤ እኔም የሳትኩት ይህንኑ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የካቲት ለአባቴ ሙት ዓመት የጣናን ዳርቻ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ሠራሁ። ከሥሩ ከካሴቶቹ አንዱን ዘፈን አስገባሁና ዩቲዩብ ላይ ጫንኩት። ካሴቱ ላይ 1971 የሚል ነበር። እንደ ፈረንጆቹ ቆጠርኩትና 1971 ሲደመር 50፣ 2021፤ «በቅርቡ አለቀ» አልኩ። ቁጥሩ ግን የኛ አቆጣጠር ነበር። የአሳታሚውና የድምፃዊው መብት እስከ 2021 ዓ.ም. መጨረሻ ይዘልቃል። የግጥሙን ደራሲ ደግሞ ጭራሽ አላሰብኩትም።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ደወለች። «ወንድሜ፣ የአባቴ ግጥም እኮ ነው። ስሙን እንኳ አልጻፍከውም።» አልጮኸችም። «እህቴ ይቅርታ፣ አላወቅሁም ነበር» አልኳት። «የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም የዘፈነውን ነው የሚያውቀው» አለችኝ። ቪዲዮውን ያን ዕለት ማታ ከዩቲዩብ አነሣሁት። በኋላ ለግጥሙ በጽሑፍ ፈቀደችልኝ። አሳታሚውን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም፤ ቪዲዮውም አልተመለሰም።

ስለዚህ ዓመት ስትቆጥሩ መጀመሪያ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ። በካሴትና በሸክላ ሽፋን ላይ ሁለቱም ይገኛል። ካልተረጋገጠ ዘግይቶ የሚያልቀውን ያዙ።

ሁሉም ክፍል ነፃ የወጣለት ምሳሌ ከፈለጋችሁ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን አስቡ። ራሳቸው ገጥመው ራሳቸው የተጫወቱትን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ በሸክላ አስቀረጹ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ 50 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሞላ። በኛ ሕግ እነዚያ ግጥሞቻቸው የሕዝብ ሀብት ሆነዋል። ሆኖም ዘመናዊ አሳታሚ በሲዲ ሲያወጣቸው የሠራው የሽፋን ሥዕልና የመግቢያ ጽሑፍ የራሱ ነው፤ እሱን አብራችሁ አትገልብጡ።

ድንበር ሲሻገር ቆጠራው ይለወጣል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1963 ወዲህ የታተመ የድምፅ ቅጂ 70 ዓመት ይጠበቃል። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1972 ፌብሩዋሪ አጋማሽ የተቀረጸ ድምፅ እስከ 2067 ድረስ ባለቤት አለው። ከላይ ያልኩት የ1962 ዓ.ም. ሸክላ (እ.ኤ.አ. 1969/70) ቅጂው እዚህ ነፃ ሆኖ አሜሪካ ግን አይደለም። ዩቲዩብ የአሜሪካ ስለሆነ ይህ እኛንም ይነካናል።

4. የማንም ያልሆነ ዜማ፣ የሰው የሆነ ድምፅ

የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዜማው ላይ የቅጂ መብት የሚጠይቅ የለም። ዘጌ ሄዳችሁ የኔታ ሲያዜሙ የቀዳችሁት ግን የኔታ ድምፅ ነው፤ ከተቀረጸ በኋላ 50 ዓመት መብታቸው ይጠበቃል። እኔ ስልኬን ከማውጣቴ በፊት «የኔታ፣ ልቅዳዎት? ሰዎች እንዲሰሙትም ልልቀቀው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። «ለመማሪያ ከሆነ ቅዳ፤ መልቀቁ ይቅር» አሉኝ። ቀዳሁ፤ አልለቀቅኩም።

አዝማሪ ቤትም እንደዚያው ነው። አዝማሪው ያን ማታ ያወረደው ግጥም የሱ ነው፣ ድምፁም የሱ ነው። ስልክ አንሥቶ ቀድቶ መልቀቅ እንደ ልማድ ተይዟል፤ ትክክል ግን አይደለም። ሽልማት መስጠት ፈቃድ አይሆንም።

5. ፈቃድ በወረቀት

በስልክ «እሺ» ማለት አይበቃም። አዋጁ መብት ሲተላለፍ ወይም ፈቃድ ሲሰጥ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ማን ለማን፣ የትኛውን ዘፈን፣ የግጥሙን ነው የዜማውን ወይስ የቅጂውን፣ ለምን አገልግሎት፣ ለስንት ጊዜ፣ በክፍያ ወይስ በነፃ። ቀንና ፊርማ። ሰውየው አርፎ ከሆነ ወራሾቹን ፈልጉ፤ አንዱ ልጅ ስለፈቀደ ሌሎቹ ፈቅደዋል ማለት አይደለም።

«ሥራው አልተመዘገበም» የሚላችሁን አትስሙ። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠርና ሲቀረጽ ነው፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

6. ስም መጻፍ

ጊዜው ያለቀበትንም ቢሆን ስም ሳልጽፍ አልለቅም። በፋይሉ ስም ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ድምፅ፣ ዓመተ ምሕረት ብዬ አራቱን በየተራ እጽፋለሁ። ደራሲውን ካላወቅሁት «ግጥም፦ እየተፈለገ» እላለሁ። ቤታችን ለእንግዳ ካሴት ስንከፍት ዝርዝሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ። «እየተፈለገ» ካልኳቸው ሁለቱን እንደዚያ ነው የሞላሁት፤ አንዱን ያወቀው ቡና ሊጠጣ የመጣ የሰፈራችን ሽማግሌ ነው።